የነነዌ ዋዜማ ሙሽራ

ማክሰኞ፣ ጥር 5። ከቀኑ 11 ሰዓት

ከጠዋት ጀምሮ አራት ጎማ። ሁለቱ የባጃጅ፣ አንዱ ከገሳይ የመጣ ሚኒባስ፣ አንዱ የመንግሥት መኪና። የመንግሥቱ ሹፌር ሚስማሩን ሳወጣለት እኔ መንገድ ላይ የተከልሁት ይመስል አፈጠጠብኝ። ተውሁት። ጎሚስታ ሆኖ ያልተጠረጠረ የለም።

ደብተሬ ሆይ፣ የዛሬው ወሬ ግን ሌላ ነው። ልጄ ሰላም ሱቅ መጣች። ከኩዌት ከተመለሰች ዓመት ሆናት፤ ፀጉር ቤት ከፍታለች፣ ከእኔ የበለጠ ደንበኛ አላት። ጎማ ላይ ቁጭ አለችና ጥር 26 ምን ቀን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ማክሰኞ አልኋት። ራሷን ያዘች። ከእማዬ ጋር የተጋባችሁበት ቀን ነዋ፣ ሃያ አምስት ዓመት ይሞላችኋል አለች።

ሃያ አምስት! ኧረ ወዴት ሄደ?

ኩዌት ማዳሟ በትዳር ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላት ባልየው ሳይነግራት ድግስ ደግሶ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ ስትገባ መብራት አብርተው እልል አሉባት። ሴትዮዋ አለቀሰች። እማዬም ማልቀስ አለባት ትላለች ሰላም። እኔ እናንዬን ስታለቅስ ያየኋት ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱ ድንቿን ውርጭ የመታው ጊዜ ነው። የድንች ነጋዴ እንባ በቀላሉ አይወርድም።

ሰርፕራይዝ ይባላል አለችኝ። እሺ አልሁ። አፌ ቀድሞኝ ነው እሺ ያልሁት። ደ/ታቦር ላይ ምስጢር! እዚህ ከተማ አንዱ ሲያስነጥስ ማዶ ያለው ይማርህ ይላል።

ሐሙስ፣ ጥር 7። ጠዋት፣ ደንበኛ የለም

ለሰላም ያልነገርኋት ነገር አለ። ለአንተ ልንገርህ።

ሰላም ያሰበችው ኬኩም ይሁን፣ ፊኛውም ይሁን፣ ቀለበቱም ይሁን። የእናንዬ ልብ ግን እዚያ አይደለም።

ዐሥር ዓመት ሆነው። የፋሲካ ሰሞን፣ ሁለቱ ወንድሞቿ ከሐሙሲት መጥተው፣ ሥጋው ቀርቦ፣ ጠላው ተቀድቶ። እናንዬ በጨዋታ መሐል ቀስ ብላ፣ ለምን አንቆርብም አለችኝ። እኛ እንደ ብዙው ሰው በሰማንያ ነው የተጋባን። ቁርባን ሌላ ነው። ባልና ሚስት አብረው ከቆረቡ መለያየት የለም፤ አንዱ ቢሞት እንኳ የቀረው ሌላ አያገባም። ሚስት ባሏን እንቁረብ ካለችው ከዚህ በላይ ምን ትበለው?

እኔስ ምን አልኋት? ገና ጎረምሳ ነኝ፣ ቁርባን የሽማግሌ ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። የሳቀው ግን ጥርሷ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሣችውም።

ሌላ ሴት አምሮኝ አይደለም፣ አንድዬ ያውቃል። ፈርቼ ነው። እኔ አፌ አያርፍም። የዛገ ብሎን እምቢ ሲለኝ የምናገረውን ሰይጣን ቢሰማው ያማትባል። ዳዊት ደግሜ፣ ጾመ ድጓ ጀምሬ፣ ትቼ ጎማ ውስጥ የገባሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለው ሰው ቆርቦ ቢያፈርሰውስ ብዬ ፈራሁ። ይኸን መንገር ሲገባኝ ቀለድሁባት።

ስለዚህ ወስኛለሁ። የድግሱ ቀን፣ በእነዚያው ወንድሞቿ ፊት፣ እንቁረብ እላታለሁ። በሰው ፊት ያሳፈርኋትን በሰው ፊት እጠይቃታለሁ። እምቢ ካለችኝ መብቷ ነው። እኔ ግን የምገባበት የለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 9። 10 ሰዓት

ጉድ ፈላ።

ሰላም የእናቷን ጣት ልክ አምጣ ብላኛለች፣ ለቀለበቱ። እናንዬ ከገበያ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። አጋጣሚ ነው ብዬ ያገኘሁትን ክር አንሥቼ ጣቷ ላይ ጠመጠምሁ። ያገኘሁት ደግሞ ቀይ ክር። ልክ ልቆርጠው ስል አንድ ዓይኗን ገለጠች። ምን እያደረግህ ነው? ሁልጊዜ ጣቴን ይቆረጥመኛል ስለምትል ለመድኃኒት ነው አልኋት። ክሩን ኪሴ ከተትሁት።

እስቲ አስበው ደብተሬ። ባል ተደብቆ የሚስቱን ጣት በቀይ ክር ለክቶ፣ ለመድኃኒት ነው ብሎ፣ ክሩን ኪሱ ሲከት! እኔ ራሴ ባይ፣ ይኸ ሰውዬ ጠንቋይ ቤት ከርሟል ነበር የምለው።

ሦስት ጊዜ አማተበች። ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። ይኸ ነው ያስፈራኝ፣ እናንዬ ዝም ስትል።

ማክሰኞ፣ ጥር 12። ጠዋት

ትናንት ጥምቀት። ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ እናንዬ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ሙሉ ጠበል ይዛለች። ለቤት መሰለኝ። በራችን ላይ ስንደርስ ክዳኑን ከፍታ፣ በስመ አብ ብላ፣ ሁሉንም በራሴ ላይ ገለበጠችው። ጎረቤት የጥምቀት ጨዋታ መስሎት እልል አለ።

እሷ ግን አትስቅም። ዓይኔን ታያለች። ሰይጣን እንዳለበት ሰው ተቃጠልሁ ብዬ እስክጮህ ትጠብቃለች። እኔ አስነጠስሁ። ትንሽ ያዘነች መሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማበጠሪያዋን በቦርሳዋ ይዛ ሄደች። ፀጉሯ ቤት ውስጥ እንዳይገኝ! ትራሷን ተርትራ መርምራዋለች፣ ስፌቱ አዲስ ነው። ለሰላም ስነግራት ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አባዬ አንተ ሰርፕራይዝ ሳይሆን ፍቺ ነው የምትደግሰው አለችኝ። እሷ ምን አለባት።

ዓርብ፣ ጥር 15። ምሳ ሰዓት

ቀለበቱ ተገዛ። አንጥረኛው ክሩን ሲያይ፣ ሰውነቷ ደልደል ያለ ነው አይደል አለ። አንተ ምን አገባህ አልሁት።

በግ ጋፋት አንድ ገበሬ ዘንድ ተመርጧል፤ እዚያው ይቆያል፣ እቤት ካመጣሁት እናንዬ ለጠንቋዩ የታዘዘ ግብር ነው ትላለች። ሰላም ኬክ አዛለች፣ ላዩ ላይ ጥር 26 የተጻፈበት። ወንድሞቿ ተነግሯቸዋል። ታላቅየው ስልክ ላይ ሲያወራ ሐሙሲት ገበያ በሙሉ ይሰማዋል፤ ቀስ በል ስለው፣ ቀስ ብዬ ነው እኮ ብሎ ጮኸ።

ቦታው እዚሁ ሱቄ ግቢ ይሆናል። ሰላም ሆቴል ትላለች። እናንዬን በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሆቴል ወስጃት አላውቅም፤ ዛሬ እንሂድ ብላት ጀሪካኑን ይዛ ነው የምትከተለኝ።

የቀረኝ መምሬ ሞገስ ዘንድ መሄድ ነው። የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ሳላማክር እንቁረብ ማለት አይሆንም። ሦስት ቀን እየተነሣሁ ተመልሻለሁ። ሰው ከነጎማው ከፊቴ ሲቆም ደስ ይለኛል፤ ሥራ በዛ እላለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 18። 9 ሰዓት

ሄድሁ። መ/ ሞገስን አውድማ ላይ ገብስ ሲያስወቁ አገኘኋቸው። ሁሉንም ዘረገፍሁላቸው፤ የዐሥር ዓመቱን ቀልድ፣ ፍርሃቴን፣ ድግሱን። ተደሰቱ። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ፈሪ ሁሉ ቢቀር ማን ይቆርብ ነበር አሉኝ። ቀለል አለኝ።

ከዚያ ድግሱ መቼ ነው አሉ። ማክሰኞ ጥር 26። ምን ምን ተዘጋጀ? በግ፣ ዶሮ፣ በቅቤ የተሠራ ኬክ፣ አባቴ አልኋቸው። መንሻቸውን መሬት ላይ ተከሉት።

“ልጄ፣ በጉ ለዮናስ ነው ወይስ ለዓሣ አንበሪው?”

ነነዌ! ዘንድሮ ሰኞ ጥር 25 ይገባል። ማክሰኞ ማለት መሐል ጾሙ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቀን ስቆጥር ጾሙ እንደሚዞር ረሳሁት። ዳዊት የደገመ ሰው! ቁርባን ሊጠይቅ የተነሣ ሰው፣ በነነዌ በግ ሊያርድ! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። መ/ ሞገስ እስኪያስላቸው ሳቁ።

እሑድ ጥር 24 ይሁን ተባባልን፤ የጾሙ ዋዜማ። ያን ቀንማ ጭራሽ አትጠረጥርም።

ስሰናበታቸው ወደ ሰማይ እያዩ፣ ክር ምናምን የሚባል ነገር ከእጅህ አርቅ አሉኝ። ከየት ሰሙ ብዬ ደነገጥሁ። አላብራሩም። የሁለት ሰው ምስጢር አንድ ሆድ ውስጥ ይዤ ሆዴ ሊፈነዳ ነው፣ ሲፈነዳ የምትለጥፈው አንተ ነህ ብለው ወደ ገብሳቸው ዞሩ። ገባኝ። እናንዬም እዚያው ሄዳ ከሳኛለች።

ዓርብ፣ ጥር 22። 11 ሰዓት

እግሬ አልቋል። ወንድሞቿ ዘንድ እንደገና ተደወለ፤ ኔትወርክ ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ። ታላቅየው ምነው ነነዌን ረስተኸው ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ በዚያ ድምፁ። አዎ አልሁት፣ ምን ልበለው። ኬኳ ላይ ያለው 26 ወደ 24 ሊቀየር አልቻለም፤ ቁጥሩ በክሬም ተሸፍኖ አበባ ይሆናል ተብሏል።

የዳሱ የባሕር ዛፍ ምሰሶ መጥቷል፣ ከአሮጌ ጎማ ጀርባ ደብቄዋለሁ። ዐሥራ ሁለት ጎማ ነጭ ቀለም ቀባሁ፤ ለመቀመጫ። አንዱ ሹፌር ይኸ ነጭ ጎማ የየት አገር ሥሪት ነው ብሎ ጠየቀኝ።

እናንዬን እንዴት እናምጣት? ዘዴው የእኔ ነው፣ ኮርቼበታለሁ። ድንች የጫነ አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ እኔ ዘንድ ቆሟል፣ ባለቤቱ ቸኩሏል፣ በርካሽ ይለቃል እላታለሁ። ለዚህ ጥሪ ከሞት ትነሣለች።

እሑድ፣ ጥር 24። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ዳሱ ቆሟል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል። በጉ ወጥ ሆኗል። ወንድሞቿ ገብተዋል፤ ታላቅየው መናኸሪያ ላይ የእናንዬ ድግስ በየት በኩል ነው ብሎ አንድ ባጃጅ ሙሉ ሰው ጠይቋል። ሰላም ልትገድለው ነበር። መ/ ሞገስ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ።

ንግግር ጽፌ ነበር፣ የት እንዳስቀመጥሁት አላውቅም። ሊደወልላት ነው። ልደውል። ቆይ ውኃ ልጠጣ።

በዚያው ቀን። ማታ 1 ሰዓት

መጣች።

በባጃጅ መጣች፣ ሚዛኗን ይዛ፣ አምስት ባዶ ጆንያ ጠቅልላ፣ የእኔን የተቀደደ ሹራብ ለብሳ። የግቢው በር ሲከፈት ሃያ ምናምን ሰው ነጭ በነጭ ሆኖ እልልልል አለ። እሷ ወንድሞቿን አየች። ሰላምን አየች። ዳሱን አየች። እኔን አየች።

“አይሱዙው የታል?”

ሰው በሳቅ ወደቀ። የለም ስላት አልሳቀችም፤ በዚህ ልብስ፣ በሰው ፊት፣ ድንች ብለህ ጠርተህ ብላ ጀመረች፣ እኔም ጆንያው ውስጥ ብገባ ተመኘሁ። ደግነቱ ሰላም ጎትታ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ልብሱ ተዘጋጅቶ ነበር።

ስትወጣ፣ ደብተሬ፣ ምን ልበልህ። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ሐበሻ ቀሚስ። ፀጉሯ ተሠርቶ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ታናሽ ወንድሟ ዝንብ ይገባብሃል አለኝ። ይግባ። ሃያ አምስት ዓመት አንድ ቤት ስኖር እንዲህ ቆሜ ያላየኋት ለምንድን ነው?

ቀለበቱን አወጣሁ። አብሮ ቀይ ክሩ ተጎትቶ ወጣ። እናንዬ ክሩን አየች፣ ቀለበቱን አየች፣ እንደገና ክሩን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ትከሻዋ እየተነቃነቀ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ጠንቋይ ቤት የሄድህ መስሎኝ እኮ ነው ብላ ለሕዝቡ ተናዘዘች። ጀሪካኑ ተተረከ፣ ትራሱ ተተረከ። መ/ ሞገስ፣ ሁለት ሳምንት ያነቀኝ ይኸው ወጣ፣ ተመስገን አሉ። ሰላም የእናቷን እንባ በስልኳ ቀረጸች፤ ይኸ ማልቀስ ይቆጠራል አለች።

ከዚያ ቆምሁ። ንግግሩ ጠፍቶኛል። የፋሲካውን ቀን፣ እዚሁ ያሉት ወንድሞቿ ፊት ያልሁትን፣ ደግሜ ተናገርሁ። አጥፍቻለሁ አልሁ። እናንዬ፣ እንቁረብ አልኋት።

እሷ የቀሚሷን ጥለት ትነካካለች። ከዚያ ቀና አለች።

“አንተ ለማሰብ ዐሥር ዓመት ፈጀህ። ለእኔ ሦስት ቀን ይነሰኝ? ነነዌን ልጹምበት።”

ሰው አጨበጨበ። እንዲህ ነው እንጂ አሉ ወንድሞቿ። እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ደግሞ የሳቀው የእኔ ጥርስ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 26። 8 ሰዓት

ቀኑ ይኸ ነበር። ጾም ነው፣ ሆዴ ይጮኻል።

ስለ ቁርባኑ ምንም አትልም። ትላንትም ምንም። ጠዋት ቤ/ክ አብረን ቆምን፤ የዮናስ ታሪክ ሲነበብ በጎን አየኋት፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ዮናስስ በሦስተኛው ቀን እንደሚወጣ የሚያነበው ሰው ያውቃል። እኔ ምን አውቄ?

የባጃጅ የፊት ጎማ ኋላ አሰርሁ። አንድ ከመነዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ እየነፋሁ ረስቼው ሊፈነዳብኝ ነበር፤ ባለቤቱ ሮጦ ኮምፕሬሰሩን አጠፋው። ሰላም ትቆጣኛለች። ለብቻዋ መጠየቅ ነበረብህ፣ በሰው ፊት ሲሆን እምቢ ማለት ይከብዳል ትላለች። እኔ ይኸን አላሰብሁም። ያዋረድኋትን ልክስ ብዬ ጨርሶ አስጨንቄያት ይሆን? እምቢ ካለችም በሰው ፊት ሳይሆን ቤት ትበለኝ።

ትናንት ማታ ወጥ ስታቀርብልኝ፣ ነገ ነው አይደል የተጋባንበት ቀን ብላ ነበር። አዎ አልኋት። ሽሮውን ጨመረችልኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 28። 9 ሰዓት

እጄ ጎማ ነክቷል፣ ገጹ ይቆሽሻል፣ ይቆሽሽ።

ስድስት ሰዓት ላይ እናንዬ መጣች፣ ሱቅ። ከድግሱ ቀን በቀር መጥታ አታውቅም፣ በገበያ ሰዓትማ በጭራሽ። ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሬ አረፋ እያየሁ ነበር። ነጩ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ነገር ልንገርህና ከዚያ እመልስልሃለሁ አለች።

ያን ጊዜ፣ የዛሬ ዐሥር ዓመት፣ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ከፋሲካው በኋላ ጎንደር ሄዳ ልትመረመር ቀጠሮ ይዛለች። ብሞት በእግዜር ፊት ሚስትህ ሆኜ ልሙት ብዬ ነው የጠየቅሁህ አለችኝ። እኔ ስቀልድ ጊዜ ተወችው። ብቻዋን ሄደች። ቆርጠው አወጡ፣ መርምረው ክፉ አይደለም አሏት። ብቻዋን ተመለሰች።

ድንች ዘር ላይ ነበርሽ እኮ አልኋት። እንዲያ ብላኝ ነበር የሄደችው፣ ዘር ልገዛ ነው ብላ። አስታወስሁት። ባዶ እጇን ስትመጣ፣ አራት ቀን ውለሽ አድረሽ አንድ ኩንታል ዘር እንኳ ሳትይዢ መጣሽ ብዬ ጮኼባታለሁ። እሷ ጎኗን ይዛ ቆማ ትሰማኛለች።

ደብተሬ፣ አለቀስሁ። የጎማው ባለቤት አጠገቤ ቆሞ፣ እጄ ውኃ ውስጥ እንዳለ አለቀስሁ። ሰውዬው ሚስማሩ የወጋኝ መስሎት ጨርቅ ፈልጎ አመጣልኝ።

አልቅሼ እንደጨረስሁ የእኔንም ነገርኋት። ፈርቼ እንደነበረ፣ አፌን፣ ያቋረጥሁትን የቤተ ክህነት ትምህርት። እናንዬ የሹራቤን እጅጌ እያስተካከለች፣ አፍህን እኔም አውቀዋለሁ፣ እግዜርም ያውቀዋል፣ ሁለታችንም ይኸው ችለንሃል አለችኝ።

“ያን ጊዜ ሞት ፈርቼ ነው የጠየቅሁህ። አሁን ምንም አልፈራሁም። ስለዚህ አሰብሁበት። እሺ።”

እሺ አለች! ይኸን ለመጻፍ ነው እጄን እንኳ ሳልታጠብ የተቀመጥሁት። እሺ!

ሁሉንም አስባ ነው የመጣች። ሁዳዴን ሙሉ እንጾማለን፣ የሚታዘዝልንን ቀኖና እንፈጽማለን፣ የትንሣኤ ሌሊት እንቆርባለን። እስከዚያ መኝታችን ለየብቻ ነው፤ የእኔ በውጭኛው ክፍል ተነጥፏል። ሃያ አምስተኛ ዓመቴን ባከበርሁ በአራተኛው ቀን ከአልጋዬ ተባረርሁ። እየሳቅሁ ተባረርሁ።

ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት አብረን መ/ ሞገስ ዘንድ ነን። ሱቁ አይከፈትም። ነገ ጎማው የሚፈነዳበት ሰው እግዜር ይሁነው፤ እኔ ከሚስቴ ጋር ነኝ።